ጆን ፖስቴል

ጆን ፖስቴል (ሙሉ ስሙ ጆናታን ብሩስ ፖስቴል፤ ሐምሌ 30 ቀን 1935 ዓ.ም. ተወልዶ ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ያረፈ) አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነበር። ኢንተርኔት ከጥቂት የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች ተነስቶ የዓለም መገናኛ እስኪሆን ድረስ፣ ለሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የመረቡን ቁጥሮችና ስሞች መዝገብ የያዘው በዋናነት እሱ ነበር። «ዶት ኮም»፣ «ዶት ኦርግ» እና «ዶት ኢቲ» የመሳሰሉት የድረ ገጽ ስሞች መጨረሻዎች የተደለደሉት በእሱ አመራር በወጡ ደንቦች ነው።

ፖስቴል በሕግ ትምህርት አልሠለጠነም፤ ዳኛም አልነበረም። ሆኖም አንድ የድረ ገጽ ስም የማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ በተለይም የዶሜይን ስምና የንግድ ምልክት ሲጋጩ ማን ይፈርዳል የሚለው፣ የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት የያዘ ጉዳይ ሆኗል። የእሱ መልስ መዝገብ የሚይዝ ሰው ባለአደራ እንጂ ፈራጅ አይደለም የሚል ነበር። ይህ አቋም በከፊል ተሽሯል፣ በከፊልም እስከ ዛሬ ይሠራል።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የትምህርት ዘመን

ፖስቴል በኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ አልታዲና በተባለች ከተማ ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቫን ናይስ ትምህርት ቤት ተከታተለ። በኋላ የኢንተርኔት መሥራቾች ከሚባሉት ውስጥ ቪንት ሰርፍ እና ስቲቭ ክሮከርም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ።

በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና አጥንቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1966፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በ1968 አገኘ። በ1974 ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ። የምርምሩ ርዕስ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን ደንቦች (ፕሮቶኮሎች) በሂሳብ ሞዴል መተንተን ነበር።

በአርፓኔት ላይ የሠራው ሥራ

የኢንተርኔት አባት የሚባለው አርፓኔት የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገንዘብ የመደበለት የኮምፒውተር መረብ ነው። የመረቡ የመጀመሪያ ጣቢያ በ1969 የተተከለው ፖስቴል በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 ቀን ከዚህ ጣቢያ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ፖስቴል በጊዜው በቤተ ሙከራው ከሚሠሩት ወጣት ተማሪዎች አንዱ ነበር።

ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን የሚለዋወጡት «አስተያየት ይሰጥበት» የሚል ትርጉም ባለው፣ አርኤፍሲ እየተባለ በሚጠራ ተከታታይ ሰነድ ነበር። የመጀመሪያውን በኤፕሪል 1969 የጻፈው ስቲቭ ክሮከር ነው። ፖስቴል የእነዚህ ሰነዶች አርታዒ ሆኖ እስኪሞት ድረስ አገልግሏል። የሚላኩለትን ጽሑፎች ያነባል፣ ያርማል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ያሳትማል። ከ200 በሚበልጡት ላይ የራሱ ስም በጸሐፊነት ይገኛል።

ከእነዚህ መካከል በሴፕቴምበር 1981 የወጡት የኢንተርኔት ፕሮቶኮል (አይፒ) እና ቲሲፒ ሰነዶች ይገኙበታል። በ1982 የወጣው የኢሜይል መላኪያ ደንብም በእሱ ስም የወጣ ነው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ከቀድሞው ደንብ ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲዘዋወር የሽግግሩን ዕቅድ ጽፎ ያቀረበው ፖስቴል ነበር። በስሙ «የፖስቴል ሕግ» ተብሎ የሚታወቀው መርሕም ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው። መርሑ አንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲልክ ደንቡን በጥብቅ እንዲጠብቅ፣ ከሌላ ሲቀበል ግን ትርጉሙ እስከገባው ድረስ ጥቃቅን ጉድለቶችን እንዲያልፍ ይመክራል።

መዝገብ ያዥነት

በመረቡ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ ቁጥር ከያዙ መልእክት ይጠፋል። ስለዚህ ቁጥሮችን የሚያድልና ለማን እንደተሰጡ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልግ ነበር። ፖስቴል በሜይ 1972 ባወጣው አጭር ሰነድ ይህን ሥራ አንድ ሰው በኃላፊነት እንዲይዘው ሐሳብ አቀረበ፤ ራሱም ሥራውን ያዘ።

በ1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ተዛወረ፤ ቀሪ ዘመኑንም በዚያ አሳለፈ። መዝገቡንም ይዞት ሄደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህ ሥራ «የኢንተርኔት የተመደቡ ቁጥሮች ባለሥልጣን» የሚል ስም አገኘ፤ በምሕጻረ ቃሉ «አያና» ይባላል። ቃሉ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሰው ስም ይመስላል። በእርግጥም «ባለሥልጣኑ» በተግባር ፖስቴልና እንደ ጆይስ ሬይኖልድስ ያሉ ጥቂት ባልደረቦቹ ነበሩ። ገንዘቡ የሚመጣው ከአሜሪካ መንግሥት የምርምር ውል ነበር። ሥልጣኑ ግን ከውሉ ይልቅ የቆመው የመረቡ ባለሙያዎች በእሱ ላይ በነበራቸው እምነት ላይ ነው።

የዶሜይን ስም ሥርዓት

በመጀመሪያ የኮምፒውተሮች ስም ዝርዝር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሌሎቹ ጣቢያዎች ፋይሉን በየጊዜው ይገለብጡታል። የጣቢያዎቹ ቁጥር ሲበዛ ፋይሉ ከበደ፤ አንድን ስም ሁለት ሰው የሚፈልግበት አጋጣሚም በዛ። በፖስቴል ጥያቄ የሥራ ባልደረባው ፖል ሞካፔትሪስ መፍትሔ ነደፈ፤ በኖቬምበር 1983 የዶሜይን ስም ሥርዓት ይፋ ሆነ።

ሥርዓቱ እንደ ዛፍ ነው። ከላይ አንድ «ሥር» አለ። ከሥሩ እንደ ዶት ኮም ያሉ ከፍተኛ ዶሜይኖች፣ ከእነሱ ደግሞ የየድርጅቱ ስሞች ይወጣሉ። ሥሩን የያዘ ከሥሩ ቀጥሎ ያለውን ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል፤ ያ ደግሞ ከሱ በታች ያለውን ያድላል። በዚህ መንገድ ዓለምን የሚያህል ዝርዝር አንድ ሰው ጋ ሳይከማች ሊያዝ ቻለ። ሆኖም የሥሩ ጉዳይ እንደ ቀድሞው በአንድ እጅ ቀረ።

በኦክቶበር 1984 ፖስቴልና ሬይኖልድስ ባወጡት ሰነድ ለንግድ ዶት ኮም፣ ለትምህርት ዶት ኢዲዩ፣ ለመንግሥት ዶት ጎቭ፣ ለጦር ኃይል ዶት ሚል፣ ለሌሎች ድርጅቶች ዶት ኦርግ ተመደቡ። ለአገሮች ባለሁለት ፊደል ኮድ ተወሰነ። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም በማርች 15 ቀን 1985 የተመዘገበው ሲምቦሊክስ በተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ነው። በዚያን ጊዜ ምዝገባ በነጻ ነበር፤ ስምን ለሽያጭ የሚይዝ ሰውም አልነበረም።

የ1994 ደንብ

በማርች 1994 ፖስቴል የዶሜይን አሰጣጥን የሚመለከት ዋና ሰነዱን አወጣ። ሰነዱ አርኤፍሲ 1591 ተብሎ ይታወቃል። ጥቂት ገጾች ብቻ ቢኖሩትም በዶሜይን ምዝገባ ፖሊሲ ላይ እስከ ዛሬ የሚጠቀሱ አራት ነጥቦችን ይዟል።

አንደኛ፣ አንድን ከፍተኛ ዶሜይን የሚያስተዳድር አካል ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ ነው። አደራው ለአገሩ ሕዝብና ለመላው የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ነው፤ ስለዚህ ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት ከመከራከር ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ አስተዳዳሪው ስም የሚጠይቁትን ሁሉ በእኩልነት ማስተናገድ አለበት። ለወዳጅ የሚፈቀድ፣ ለተፎካካሪ የሚከለከል ደንብ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የትኛው ግዛት አገር እንደሆነ አያና አይወስንም። ውሳኔው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይሶ) ላወጣው የአገሮች ኮድ ዝርዝር ተትቷል። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ «ኢቲ»፣ በ1993 ነጻ አገር የሆነችው ኤርትራ ደግሞ «ኢአር» የሚሉትን ኮዶች ሲያገኙ ፖስቴል በፖለቲካው ውስጥ መግባት አላስፈለገውም።

አራተኛው ነጥብ የንግድ ምልክትን ይመለከታል። በአንድ ስም ላይ ሁለት ወገኖች ቢጣሉ የመዝጋቢው ድርሻ የአንዱን አድራሻ ለሌላው መስጠት ብቻ ነው። ስምን በዶሜይንነት ማስመዝገብ የንግድ ምልክት መብት አያስገኝም። የሌላውን ምልክት አለመንካቱን ማረጋገጥ ያለበት ደግሞ ስሙን የጠየቀው ሰው ነው። ክርክሩ ለፍርድ ቤት ይተዋል።

ስምና የንግድ ምልክት የተጋጩበት ምክንያት

አራተኛው ነጥብ ለምን ችግር ውስጥ እንደገባ ለመረዳት የሁለቱን መዝገቦች ልዩነት ማየት ያስፈልጋል። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በአገርና በሸቀጥ ወይም በአገልግሎት ዓይነት ተከፍሎ ነው። ስለዚህ ሳይጋጩ አንድን ስም ብዙዎች ሊይዙት ይችላሉ። በአዲስ አበባ «ሸገር» የሚለውን ስም የሬዲዮ ጣቢያ፣ የዳቦ ፋብሪካና የከተማ አውቶቡስ ይዘውታል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ሬዲዮ ጣቢያ አይገባም፤ ስለዚህ ደንበኛ አይሳሳትም። በዶት ኮም ሥር ግን «ሸገር» የሚለው ቃል በአንድ አጻጻፍ አንድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ይይዘዋል፤ የሚሠራውም በመላው ዓለም ነው። ብዙዎች በየፊናቸው በሕጋዊ መንገድ ከያዙት ስም በኢንተርኔት ላይ አንዱ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ድረ ገጽ መጠቀም ሲስፋፋ ይህ ልዩነት ገንዘብ ሆነ። በ1994 አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የታዋቂው የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ስም በዶት ኮም ሥር አለመያዙን ተመልክቶ በራሱ ስም አስመዘገበውና ታሪኩን በመጽሔት ጻፈ። በመጨረሻ ስሙን ለኩባንያው የመለሰው ለአንድ የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ እንዲደረግ ካስማማ በኋላ ነው።

ሌሎች ግን በጨዋታ አልቆሙም። አንድ ግለሰብ የአውሮፕላን ድርጅቶችንና የትላልቅ መደብሮችን ጨምሮ ከመቶ በላይ የታወቁ ስሞችን አስመዘገበ። የፊልም ካሜራ አምራች የሆነው ፓናቪዥን ስሙን ሲጠይቀው 13,000 ዶላር እንዲከፍል ጠየቀ። ኩባንያው ከሰሰው፤ በኤፕሪል 1998 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለፓናቪዥን ፈረደ። እንዲህ ዓይነቱ ስምን ይዞ ለባለቤቱ የመሸጥ ድርጊት በዶሜይን ስም ሽሚያነት ይታወቃል።

የኔትወርክ ሶሉሽንስ ፖሊሲ

በዚህ ወቅት የዶት ኮም መዝገብ በፖስቴል እጅ አልነበረም። ከ1993 ጀምሮ ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጋር በተደረገ ውል መዝገቡን የሚይዘው ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለ የግል ኩባንያ ነበር። ከሴፕቴምበር 1995 ጀምሮ ኩባንያው ለሁለት ዓመት ምዝገባ 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ነጻ የነበረው መዝገብ በአንድ ኩባንያ ብቻ የተያዘ ትልቅ ንግድ ሆነ።

ኩባንያው ክስ እየበዛበት ሲሄድ በጁላይ 1995 የራሱን የክርክር ፖሊሲ አወጣ። ከዶሜይኑ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ያቀረበ ሰው ስሙ እንዲታገድ ማድረግ ቻለ። ይህ ከፖስቴል ደንብ በተቃራኒ ነበር፤ መዝጋቢው በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብቶ አንዱን መደገፍ ጀመረ። ፖሊሲውን የተቹት ሰዎች በሌላ የሥራ መስክ በቅንነት ስሙን የያዙ ትናንሽ ነጋዴዎችና ግለሰቦች ያለ ፍርድ ስማቸውን እንደሚያጡ ተናገሩ። በሌላ በኩል የፖስቴል ደንብም ችግሩን አልፈታም ነበር። ስሙን የያዘውና ተጎጂው በሁለት አገር ቢኖሩ የየትኛው አገር ፍርድ ቤት ይዳኛል ለሚለው ጥያቄ በደንቡ ውስጥ መልስ አልነበረም።

አዲስ ዶሜይኖችን ለመክፈት የተደረገ ሙከራ

ፖስቴል ለችግሩ ያሰበው መፍትሔ ስሞችን ማብዛት ነበር። ሁሉም ሰው በዶት ኮም ላይ የሚሻማው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው በሚል፣ በ1996 ባወጣው ረቂቅ እስከ 150 የሚደርሱ አዳዲስ ከፍተኛ ዶሜይኖች ለተፎካካሪ መዝጋቢዎች እንዲሰጡ ሐሳብ አቀረበ። የንግድ ምልክት ባለቤቶች ተቃወሙ። ለእነሱ 150 አዲስ ዶሜይን ማለት ስማቸውን የሚጠብቁበት 150 አዲስ በር ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢንተርኔት ማኅበር፣ አያና፣ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት እና የንግድ ምልክት ባለቤቶች ማኅበር ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቁጥሩን ወደ ሰባት አወረደ። በሜይ 1 ቀን 1997 በጄኔቫ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ስላልሰጠው ዕቅዱ ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ።

የጃንዋሪ 1998 ክስተት

በጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል በሕይወቱ ብዙ ያነጋገረውን እርምጃ ወሰደ። በወቅቱ የዶሜይን ሥርዓቱን ሥር የሚያገለግሉ 12 ሌሎች ሰርቨሮች ዝርዝራቸውን የሚቀዱት በኔትወርክ ሶሉሽንስ ከሚተዳደረው ዋና ሰርቨር ነበር። ፖስቴል ከመንግሥት ውጭ ላሉት ለስምንቱ አስተዳዳሪዎች ኢሜይል ልኮ ዝርዝሩን ከራሱ ተቋም ሰርቨር እንዲቀዱ ጠየቃቸው። ስምንቱም እሺ አሉ።

ዝርዝሩ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ስለነበር ተጠቃሚዎች ለውጡን አላወቁም። ዋሽንግተን ግን ደነገጠች። የፕሬዚዳንት ክሊንተን አማካሪ ኢራ ማጋዚነር ጉዳዩን ለፖስቴልና ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች በስልክ አነሳ። ፖስቴል ድርጊቱ የቴክኒክ ሙከራ መሆኑን ገልጾ በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መለሰው። ደጋፊዎቹ እርምጃውን ሥሩ የማኅበረሰቡ እንጂ የአንድ ኩባንያ ወይም መንግሥት አለመሆኑን ያሳየበት አድርገው ያዩታል። ተቺዎቹ ደግሞ ያለ ማንም ፈቃድ የተደረገ ሥልጣንን ማለፍ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የዓለም ኢንተርኔት በአንድ ሰው ኢሜይል አቅጣጫ ሊቀይር መቻሉ ታየ፤ በዚያ ሁኔታ ሊቀጥልም አልቻለም።

አይካን እና የፖስቴል ሞት

በጁን 1998 የአሜሪካ መንግሥት የስሞችንና የቁጥሮችን አስተዳደር ለትርፍ ላልቆመ የግል ድርጅት እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ። የንግድ ምልክት ክርክሮች እንዴት ይፈቱ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አጥንቶ እንዲያቀርብ ጠየቀ። ፖስቴል የአዲሱን ድርጅት መተዳደሪያ ደንብ ከሕግ ባለሙያዎች ጋር በማርቀቅ ብዙ ወራት አሳለፈ። ድርጅቱ አይካን ተብሎ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1998 በካሊፎርኒያ ተመዘገበ። ለሠላሳ ዓመት በግል እምነት የቆየው መዝገብ ወደ ተቋም እንዲሸጋገር መንገድ የከፈተው ራሱ መዝገብ ያዡ ነበር።

ፖስቴል ቀደም ሲል በ1991 የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በኦክቶበር 1998 መጀመሪያ በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ስለ አዲሱ ድርጅት ምስክርነት ሰጠ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለዳግም የልብ ሕክምና ሎስ አንጀለስ ሆስፒታል ገባ። በኦክቶበር 16 ቀን 1998፣ በ55 ዓመቱ፣ ከሕክምናው ጋር በተያያዘ ችግር አረፈ። አይካን ከተመዘገበ ገና 16 ቀኑ ነበር። ቪንት ሰርፍ ያዘጋጀው የመታሰቢያ ጽሑፍ ፖስቴል ዕድሜውን በሙሉ ሲያርመው በኖረው የአርኤፍሲ ተከታታይ ውስጥ በቁጥር 2468 ታተመ።

ባልደረቦቹ ፖስቴልን በረጅም ጢሙና በነጠላ ጫማው፣ በጥቂት ንግግሩና በተራራ ጉዞ ፍቅሩ ያስታውሱታል። ዶሜይን ብዙዎችን ባበለጸገበት ዘመን እሱ እስከ መጨረሻው የዩኒቨርሲቲ የምርምር ሠራተኛ ሆኖ ቆየ።

ከሞቱ በኋላ የመጣው የክርክር አፈታት

አይካን በኦገስት 1999 ወጥ የዶሜይን ስም ክርክር አፈታት ፖሊሲን አጸደቀ፤ ፖሊሲው ዩዲአርፒ በሚለው ምሕጻረ ቃል ይታወቃል። ስም ያስመዘገበ ሁሉ ይህን ፖሊሲ በምዝገባ ውሉ ይቀበላል። ከሳሽ ለማሸነፍ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ማስረዳት አለበት፤ ዶሜይኑ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ዓይነት ወይም አሳሳች መሆኑን፣ ያስመዘገበው ሰው በስሙ ላይ መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ ስሙም ከቅን ልቦና ውጭ ተመዝግቦ ጥቅም ላይ መዋሉን። ውጤቱ ስሙን መሰረዝ ወይም ማስተላለፍ ብቻ ነው፤ የገንዘብ ካሳ የለም። ያልተስማማ ወገን ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የመጀመሪያው ውሳኔ በጃንዋሪ 2000 የተሰጠው በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ነበር። በውሳኔው የአሜሪካ የነጻ ትግል ውድድር ድርጅት ስም፣ ስሙን አስመዝግቦ ወዲያው ለድርጅቱ ሊሸጥ ከሞከረ ሰው ተወስዶ ለድርጅቱ ተሰጠ።

ይህ አሠራር የፖስቴልን አራተኛ ነጥብ ግማሹን ትቶ ግማሹን ይዟል። ክርክሩ ለአገር ፍርድ ቤት ብቻ መተዉ ቀርቷል። መዝጋቢው ግን አሁንም አይፈርድም፤ የሚፈርዱት ከመዝጋቢው ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው፤ መዝጋቢው የተወሰነውን ይፈጽማል። የኔትወርክ ሶሉሽንስ የ1995 ፖሊሲ አዋህዷቸው የነበሩት የመዝገብ ያዥና የፈራጅ ሥራዎች እንደገና ተለያይተዋል።

ፖስቴልና ኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ኮድ የሆነው ዶት ኢቲ በሥሩ ላይ የተመዘገበው በኦክቶበር 15 ቀን 1995፣ ፖስቴል አያናን በሚመራበት ጊዜ ነው። በአገሪቱ የሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1997 ነበር። ዛሬ ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ስሞች የሚሰጡት በዘርፍ ተከፍለው ነው፤ ለንግድ ኮም ዶት ኢቲ፣ ለመንግሥት ጎቭ ዶት ኢቲ፣ ለትምህርት ኢዲዩ ዶት ኢቲ፣ ለድርጅቶች ኦርግ ዶት ኢቲ የሚሉት ይገኙበታል።

ፖስቴል በ1994 ያስቀመጠው ልዩነት በአዲስ አበባ በየዕለቱ ይታያል። በቦሌ፣ በየካ ወይም በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሆቴል፣ ካፌ ወይም የሶፍትዌር ድርጅት የሚከፍት ሰው አንድን ስም በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ያገኘዋል። የንግድ ስሙ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። የንግድ ምልክቱ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ጸንቶ ይቆያል፤ ይታደሳልም። የዶሜይን ስሙ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በውጭ አገር መዝጋቢ ዘንድ ይያዛል። በአንዱ መመዝገብ በሌላው መብት አይሰጥም። ንግድ ፈቃድ አውጥቶና ታፔላ ሰቅሎ ዶሜይኑን ለነገ ያለ ሰው ስሙን በሌላ እጅ ሊያገኘው ይችላል። ዶሜይኑን ገዝቶ የንግድ ምልክቱን የዘነጋም እንዲሁ።

የሚያጣውን ስም ለማስመለስ ደግሞ መንገዱ በመጨረሻው ፊደል ይወሰናል። በዶት ኮም ሥር ከሆነ የዓለም አቀፉ ፖሊሲ በውል ስለሚሠራ ከአዲስ አበባ ሆኖ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አንድ ዳኛ የሚያየው ከአንድ እስከ አምስት ስሞች ያሉበት ጉዳይ 1,500 ዶላር ያስከፍላል። ይህም ለአነስተኛ ነጋዴ ከባድ ነው። በአገር ኮድ ሥር ከሆነ ፖሊሲው የሚሠራው የአገሩ አስተዳዳሪ በፈቃዱ ሲቀበለው ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የአገሩ ሕግና ፍርድ ቤት ይዳኛሉ።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ስም ከድንበር ሲያልፍ የሚገጥመውን ችግር በቡና ጉዳይ አይቶታል። በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ተቃውሞም ገጠመው። በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በስምምነት ጨረሰ። ስሞቹ በአገር ቤት ለዘመናት የታወቁ መሆናቸው በሌላ አገር መዝገብ ላይ በራሱ መብት አላስገኘም።

መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ ስለ ዶት አፍሪካ በተነሳው ረጅም ክርክር ውስጥ ነበረበት። ዶሜይኑን በትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የሚመራው ዶትኮኔክትአፍሪካ እና የኅብረቱ ኮሚሽን የደገፈው የደቡብ አፍሪካ መዝጋቢ ድርጅት ጠየቁ። በ2015 ገለልተኛ የግልግል ጉባኤ አይካን የመጀመሪያውን አመልካች ያስተናገደበት መንገድ ከራሱ ደንብ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ። ማመልከቻው እንደገና ቢታይም ሳያልፍ ቀረ፤ ዶሜይኑ በፌብሩዋሪ 2017 በደቡብ አፍሪካው ድርጅት እጅ ሥራ ጀመረ። ክርክሩ ያረፈው ፖስቴል በጻፈው ነጥብ ላይ ነው፤ አዳዩ ሁሉንም አመልካች በእኩል ዓይን አይቷል ወይ?

የፖስቴል ዘመን ዶሜይኖች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ብቻ ነበር። በ2017 አይካን በሥሩ ላይ ለሚጻፉ ፊደላት ባወጣው ደንብ የግእዝ ፊደል ተካቷል። ደንቡን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱን በሌላው ተክቶ ተመሳሳይ ስም ማስመዝገብ እንዳይቻል አድርገዋል። በዚህ ደንብ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» ሁለት ባለቤት ሊኖራቸው አይችልም። ይህ አጭበርባሪን ከመጀመሪያው የሚከለክል ደንብ ስለሆነ በኋላ የሚመጣ ክርክርን ይቀንሳል።

መታሰቢያ

የኢንተርኔት ማኅበር ከ1999 ጀምሮ ለመረቡ ላገለገሉ ሰዎችና ድርጅቶች በፖስቴል ስም የተሰየመ ሽልማት ይሰጣል። የሠራበት ተቋምም በስሙ የምርምር ማዕከል አቋቁሟል። በ2012 የኢንተርኔት የክብር መዝገብ ሲከፈት ስሙ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገብቷል። አያና የሚለው ስምና የመዝገቡ ሥራ ዛሬም በአይካን ሥር ይገኛል። የአገር ኮዶችን ማን ያስተዳድር የሚል ጥያቄ ሲነሳም የ1994 ሰነዱ አሁንም ከመሠረታዊ ማጣቀሻዎች አንዱ ሆኖ ያገለግላል።